በቆሎ፣ በርበሬና ሻጋታ፦ አንድ ምግብ ካንሰር ያመጣ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ከቤተሰብዎ አንድ ሰው የጉበት ካንሰር እንዳለበት ሲነገርዎ፣ ስለ ሕክምናው ከጠየቁ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ምን በልቶ ነው?» የሚለው ነው። አንዱ ጎረቤት በርበሬውን፣ ሌላው ዘይቱን፣ ሌላው ማዳበሪያውን ይጠረጥራል። ይህ ጽሑፍ አንድ ምግብ ወይም ወደ ምግብ የሚገባ ነገር ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ባለሙያዎች እንዴት እንደሚያጣሩ ያስረዳል። ምሳሌ ያደረግነው ከአዴት እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በየቤቱ የሚገኘውን በቆሎና በላዩ የሚበቅለውን ሻጋታ ነው። ሻጋታው የሚያወጣው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ፣ በምግብ ውስጥ ከሚገኙ ካንሰር አምጪ ነገሮች በደንብ ከተጠኑት አንዱ ነው።

ለምን በዓይን አይታወቅም?

ጓያን ያስቡ። በችግር ዓመት ጓያን ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ይሰንፋል፤ ምርኩዝ ይይዛል። ጉዳቱ ከአመጋገቡ ብዙም ስለማይርቅ፣ ጓያ እግር እንደሚያሰንፍ ገበሬው ያለ ላቦራቶሪ ያውቀው ነበር። ካንሰር እንዲህ አይደለም። ዛሬ የተበላው ነገር ጉዳቱ የሚታየው ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰውየው ብዙ ሌላ ነገር በልቷል፣ ጠጥቷል፣ ታሟል። አንድን ምግብ ከበሉት ሰዎች አብዛኞቹም ካንሰር አይዛቸውም። ስለዚህ «እገሌ ይህን በልቶ ታመመ» ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ «አባቴ ሲበላው ኖሮ 90 ዓመት ሞላው» ማለትም እንዲሁ። ባለሙያዎች በሦስት በኩል ማስረጃ የሚሰበስቡት ለዚህ ነው፦ በሕዋስ ላይ፣ በእንስሳት ላይ፣ በሰዎች ላይ።

የአፍላቶክሲን ነገር እንዴት ተጀመረ?

እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። መጀመሪያ ምክንያቱ ስላልታወቀ በሽታውን «ኤክስ» አሉት። ተላላፊ በሽታ መስሎ ተፈለገ፤ አልተገኘም። በመጨረሻ ነገሩ ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። በፋጉሎው ላይ የበቀለው ሻጋታ አስፐርጊለስ ፍላቨስ ይባላል፤ መርዙም ከዚሁ ስም ተወስዶ አፍላቶክሲን ተባለ። የዶሮዎቹ ጉበት ክፉኛ ተጎድቶ ስለነበር ቀጣዩ ጥያቄ «ዶሮን በአንድ ጊዜ የሚገድል ከሆነ፣ ሰው በትንሽ በትንሹ ለዓመታት ቢበላውስ?» የሚል ሆነ።

የመጀመሪያው ፈተና፦ በባክቴሪያና በሕዋስ

ካንሰር የሚጀምረው በሕዋስ ውስጥ ያለው ዘረመል ሲበላሽ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው፣ የተጠረጠረው ነገር ዘረመልን ይለውጣል ወይስ አይለውጥም የሚለው ነው። አሜሪካዊው ብሩስ ኤምስ በ1970ዎቹ ያወጣው ፈተና ርካሽና ፈጣን በመሆኑ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በፈተናው የሚያገለግለው ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ዘረመሉ ላይ ጉድለት ስላለበት አንድ የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር ራሱ መሥራት አይችልም፤ ያ ንጥረ ነገር በሌለበት ሳህን ላይ አይራባም። የተጠረጠረው ነገር ሲጨመርበት መራባት ከጀመረ፣ ዘረመሉ ተለውጧል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። አፍላቶክሲን ብቻውን ሲጨመር ባክቴሪያውን ብዙም አይነካውም። የአይጥ ጉበት ጭማቂ አብሮ ሲጨመር ግን ነገሩ ይለወጣል። ጉበት መርዝን ለማስወገድ ሲሞክር አፍላቶክሲንን ወደ ሌላ ቅርጽ ይቀይረዋል፤ ዘረመል ላይ የሚጣበቀውም ያ የተቀየረው ነው። ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ጉበት የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው፤ መርዙ የሚሳለው እዚያው ነው።

ሁለተኛው ፈተና፦ በእንስሳት

የተለመደው አሠራር የሚከተለው ነው። አይጦች በቡድን ይከፈላሉ፤ በየቡድኑ አብዛኛውን ጊዜ 50 ወንድና 50 ሴት ይሆናሉ። አንዱ ቡድን ንጹሕ መኖ ይበላል፤ ሌሎቹ የተጠረጠረው ነገር በተለያየ መጠን የተጨመረበትን ይበላሉ። ይህ ለ2 ዓመት ያህል ይቀጥላል፤ ይህም የአይጥ ዕድሜ ማለት ይቻላል። ከዚያ ሁሉም ተከፍተው የሰውነት ክፍሎቻቸው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። አፍላቶክሲን በዚህ ፈተና በጣም ትንሽ በሆነ መጠን የጉበት ካንሰር አምጥቷል።

የእንስሳት ፈተና ግን ሊያሳስትም ይችላል። ሳካሪን የተባለው ማጣፈጫ በ1970ዎቹ በአይጦች ላይ የሽንት ፊኛ ካንሰር አምጥቶ በአሜሪካ ሊከለከል ደርሶ ነበር። በኋላ ነገሩ ሲጠና፣ ጉዳቱ የመጣው የአይጥ ሽንት በተለይ ካለው ጠባይ እንደሆነ፣ ይህም በሰው ላይ እንደማይሠራ ታወቀ። በ2000 ሳካሪን ከአሜሪካ የካንሰር አምጪዎች ዝርዝር ወጣ። «አይጥ ላይ ካንሰር አመጣ» የሚል ዜና ሲሰሙ «መጠኑ ስንት ነበር? በሰውስ ላይ በዚሁ መንገድ ይሠራል?» ብለው ይጠይቁ።

ሦስተኛው፦ በሰዎች

ሰውን መርዝ አብልቶ መሞከር አይቻልም። የሚቻለው፣ ሰዎች በራሳቸው ሕይወት የበሉትን መዝግቦ ለዓመታት መከታተል ነው። ለአፍላቶክሲን ይህ ሥራ በደንብ የተሠራው በቻይና ሻንጋይ ከተማ ነው። ከ18 ሺህ በላይ ወንዶች ሽንትና ደም ሰጥተው ናሙናው ተቀመጠ። በኋላ የጉበት ካንሰር የያዛቸው ሰዎች ናሙና ካልያዛቸው ጋር ተነጻጸረ። በሽንታቸው የአፍላቶክሲን ምልክት የተገኘባቸው ሰዎች ካልተገኘባቸው ይልቅ አደጋቸው 3 እጥፍ ያህል ነበር። ሄፓታይተስ ቢ በደማቸው የነበረባቸው 7 እጥፍ ያህል። ሁለቱም የነበረባቸው ግን ወደ 59 እጥፍ ደረሰ።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። ቫይረሱና ሻጋታው ሲገናኙ ጉዳታቸው ተደማሪ ብቻ ሳይሆን ተባዢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ባለሙያዎች ስብስብም በ1998 ባወጣው ስሌት፣ ያው አንድ መጠን አፍላቶክሲን ሄፓታይተስ ቢ ያለበትን ሰው ከሌለበት ይልቅ 30 እጥፍ ያህል እንደሚጎዳ ገምቷል። በኢትዮጵያ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ከመቶ 7 ያህል ነው። አብዛኛው ሰው እንዳለበት አያውቅም።

ከቻይና ሌላም የሚጠቀስ ነገር አለ። በቺዶንግ አውራጃ ሰዉ በ1980ዎቹ ከበቆሎ ወደ ሩዝ ሲዞር በሰውነቱ የሚገኘው አፍላቶክሲን ቀነሰ፤ ከዓመታት በኋላ የጉበት ካንሰርም ቀነሰ፣ ያውም የሄፓታይተስ ክትባት ገና ላልደረሰው ትውልድ። አንድ ነገር ሲቀነስ በሽታውም አብሮ ከቀነሰ ማስረጃው ይጠነክራል።

ምድብ 1፣ ምድብ 2 ሲባል ምን ማለት ነው?

በፈረንሳይ ሊዮን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ሦስቱን ዓይነት ማስረጃ አይቶ ነገሮችን በምድብ ያስቀምጣል። ምድብ 1 ማለት በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል፤ 2ኤ ማለት ሳያመጣ አይቀርም፤ 2ቢ ማለት ሊያመጣ ይችል ይሆናል፤ ምድብ 3 ማለት ለመወሰን ማስረጃው አይበቃም። አፍላቶክሲን ምድብ 1 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ነው፤ ነገሩ ምን ያህል እንደሚጎዳ አይናገርም። እንደ ቋሊማ ያለ የተቀነባበረ ሥጋ በ2015 ምድብ 1 ገብቷል፤ ሲጋራም እዚያው ነው፤ ጉዳታቸው ግን እኩል አይደለም። በለስላሳ መጠጥ የሚገባው አስፓርቴም በ2023 ምድብ 2ቢ ሲባል ብዙ ሰው ደነገጠ። በዚያው ቀን ሌላው የባለሙያዎች ስብስብ የተፈቀደውን የቀን መጠን ሳይለውጥ በኪሎ ክብደት 40 ሚሊግራም ላይ ተወው። ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ ሰው ይህን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ መጠጣት አለበት። ስለ አስፓርቴም የሚጨነቅ ሰው ማታ ማታ አረቄ የሚጎነጭ ከሆነ፣ ጭንቀቱን ቦታ ቢያስለውጠው ይሻላል። የአልኮል መጠጥ ሁሉ፣ አረቄም ጠላም ጠጅም፣ ምድብ 1 ነው፤ ጉበትንም በቀጥታ ይጎዳል።

መጠኑስ?

ለብዙ የምግብ ጭማሪዎች «ይህን ያህል ቢበላ ችግር የለውም» የሚባል መጠን አለ። በእንስሳት ላይ ምንም ጉዳት ያላሳየው ከፍተኛ መጠን ይወሰድና አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ይካፈላል፤ ሰው ከአይጥ ሊለይ ስለሚችል፣ ሰውም ከሰው ስለሚለይ። ለአፍላቶክሲን ግን ይህ አይሠራም። ዘረመልን በቀጥታ ስለሚጎዳ፣ ከዚህ በታች ደኅና ነው የሚባል ወለል አልተቀመጠለትም። ስለዚህ ሕጉ «በተቻለ መጠን ይቀነስ» የሚል ነው፤ አገሮችም ሊያስከብሩት የሚችሉትን ጣሪያ ያስቀምጣሉ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች ለበቆሎ ያስቀመጡት ጠቅላላ ጣሪያ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው፤ አሜሪካ 20፣ የአውሮፓ ኅብረት ለምግብ በተዘጋጀ እህል 4። በኪሎ 10 ማይክሮግራም ማለት በአንድ ኩንታል በቆሎ ውስጥ በጠቅላላው 1 ሚሊግራም ነው። በጣት ጫፍ ከሚነሱ ጥቂት የጨው ፍሬዎች አይበልጥም። በዓይን፣ በሽታ ወይም በጣዕም ሊታወቅ የማይችለው ለዚህ ነው።

መጠኑ በጣም ሲበዛ ደግሞ ካንሰር እስኪመጣ አይጠብቅም። በ2004 በምሥራቃዊ ኬንያ እርጥብ ሆኖ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል፤ ሰዎቹ የታመሙት በጉበት ጉዳት ነበር።

በእኛ አገር ምን ተገኝቷል?

በአዲስ አበባ ሽሮና የተፈጨ በርበሬ ተመርምሮ በ1996 በታተመ ጥናት፣ ከ60 የሽሮ ናሙና 5ቱ፣ ከ60 የበርበሬ ናሙና 8ቱ አፍላቶክሲን ተገኝቶባቸዋል። የተገኘባቸው ጥቂት ቢሆኑም መጠኑ ከፍተኛ ነበር። በ2016 የታተመው የወተት ጥናት የበለጠ ያሳስባል። በአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተሰበሰበ 110 የወተት ናሙና ከአውሮፓ ጣሪያ በታች የሆነው 9 ብቻ ነበር፤ 29ኙ ደግሞ አሥር እጥፍ ከፍ ያለውን የአሜሪካን ጣሪያ እንኳ አልፈው ተገኙ። ምንጩ በዋናነት የኑግ ፋጉሎ ነበር። ላም የሻገተ መኖ ስትበላ መርዙ ቅርጹን ቀይሮ በወተቷ ይወጣል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም።

በምዕራብ ጎጃም ያለው አደጋ ከዚህ የራቀ አይደለም። በቆሎው በማሳ ሳለ በድርቅ ወይም በትል ከተጎዳ፣ ከተሰበሰበም በኋላ ዝናብ ከመታው ወይም ሳይደርቅ ጎተራ ከገባ ሻጋታው ይበቅላል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም በርበሬም መሬት ላይ ሲሰጣ፣ ወይም ክብደት እንዲጨምር ውሃ ሲረጭበት ያው ይደርስበታል።

እህል እንዴት ይመረመራል?

አስቸጋሪው ነገር ናሙና አወሳሰዱ ነው። መርዙ በኩንታሉ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት ፍሬዎች ብዙውን ይይዛሉ። ከላይ በእፍኝ ዘግኖ ማስመርመር እንዲሁ ዕድል መሞከር ነው። በትክክል የሚወሰደው ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ ከብዙ ጆንያ ነው፤ ሁሉም ተፈጭቶና ተደባልቆ ከዚያ ጥቂቱ ይመረመራል። ፈጣኑ ምርመራ እንደ እርግዝና ምርመራ ያለ ወረቀት ነው። ትክክለኛው መጠን ሲፈለግ ግን በላቦራቶሪ መሣሪያ ይለካል። እንዲህ ያለ ምርመራ በአዲስ አበባ እንደ ኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ባሉ ተቋማት ይሠራል፤ ይሁን እንጂ የአንድ ቤተሰብ ጎተራ ለማስመርመር ዋጋውም መንገዱም አይመችም። የታሸገ ምግብ ቁጥጥር የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥራ ነው። በራስዎ ጎተራ ያለውን ግን የሚቆጣጠሩት እርስዎ ነዎት።

በቤትዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

በቆሎውን በባዶ መሬት ላይ አያስጡት፤ ሸራ ወይም ሰሌን ያንጥፉለት። መድረቁን ለማወቅ በንጹሕና በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው ያድርጉ፣ ደኅና አድርገው ይነቅንቁት፣ ለጥቂት ደቂቃ ይተዉት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ገና እርጥብ ነው፤ እንደገና ይሰጣ። ሲፈለፈል ፍሬው እንዳይሰበር ይጠንቀቁ፤ ሻጋታ የሚገባው በስብራቱ ነው። ሦስት ንብርብር ያለውና አየር የማያስገባው ከረጢት ነቀዝንም ሻጋታንም ይከላከላል፤ ነገር ግን እርጥብ እህል ከታሸገበት ይብሳል። (ለነቀዝ የሚገባውን እንክብል፣ ፎስቶክሲን የሚባለውን፣ ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አያስገቡ። እሱ በካንሰር ሳይሆን በአንድ ሌሊት ነው የሚገድለው።)

ከመፈጨቱ በፊት መልቀም ከሁሉ የበለጠ ይጠቅማል። የሻገተውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን፣ የተሸበሸበውንና የተሰበረውን ይልቀሙ፤ በውሃ ሲያጥቡት የሚንሳፈፈውን ይድፉ። መርዙ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ስለሚከማች፣ እነሱን ማውጣት ከመርዙ ብዙውን ማውጣት ነው። መሸክሸክም ይረዳል። መቀቀል፣ መጋገርና ማቡካት ግን አያጠፉትም፤ መቁላት ጥቂት ቢቀንሰውም አይበቃም።

የተለቀመውስ የት ይሂድ? «ለሰው ባይሆን ለጠላ፣ ለአረቄ ይሁን» ማለት የተለመደ ነው፤ ወይም ለላም፣ ለዶሮ ይሰጣል። መርዙ በጠላው ይቀራል። አረቄ ሲወጣ መርዙ አይተንም፤ አተላው ውስጥ ይቀራል፣ አተላውን ላሟ ትበላዋለች፣ ወተቷን ሕፃኑ ይጠጣዋል። በክፉ ዓመት እህል መጣል ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። ሁሉንም መጣል ካልቻሉ ቢያንስ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ከጥሩው ይብሉ። ምግቡንም ያፈራርቁ፤ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ስንዴ፣ ድንች ሲቀላቀልበት የሚበላው የበቆሎ መጠን ይቀንሳል።

ሄፓታይተስ ቢ ካለብዎ ወይም ካላወቁት

ለሄፓታይተስ ቢ ይመርመሩ፤ ትንሽ ደም ይበቃል። በኢትዮጵያ ክትባቱ ለሕፃናት በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በአብዛኛው አልተከተበም። ነፃ ከሆኑ ስለ ክትባት ይጠይቁ። ካለብዎ ደግሞ ሐኪም መድኃኒት ያስፈልግዎ እንደሆነ ይወስናል፤ ጉበት የጠጠረበት ሰው በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይነሣል። አረቄውን ይተዉ። በቤተሰብዎ አንድ ሰው ከተገኘበት የትዳር ጓደኛና ልጆችም ይመርመሩ።

አስቀድሞ የጉበት ካንሰር ለያዘው ሰው፣ ከየትኛው ምግብ እንደመጣ የሚናገር ምርመራ በሆስፒታል አይሠራም። ስለዚህ ያበሰለችውን ሚስት ወይም እህሉን ያመጣውን ልጅ መውቀስ መሠረት የለውም፤ ነገሩ የጀመረው ምናልባት ከብዙ ዓመት በፊት፣ ማንም ሳያውቀው ነው።

ዓይን ሲቢጫ፣ ሆድ ሲነፋ፣ በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት በታች ሕመም ወይም እብጠት ሲሰማ፣ ያለ ምክንያት ሰውነት ሲከሳ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ዓይን ሲቢጫ ብዙ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ የወፍ መድኃኒት ይፈልጋል። የተጎዳ ጉበት መጠኑ ያልታወቀ ሥር ወይም ቅጠል ሊያብስበት ስለሚችል መድኃኒቱን ከመጠጣትዎ በፊት ይመርመሩ፤ ጠጥተው ከሆነም ምን እንደጠጡ ሳያፍሩ ለሐኪሙ ይንገሩት።